ወንድሜ ለትርፍ አንጀት ገብቶ የሌላ በሽታ ስም ይዞ ወጣ፦ ጥያቄዬና የመጡልኝ ምላሾች

ጥያቄውን የለጠፍኩት እናታችን ከተኛች በኋላ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ነበር። ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ሥር የተከታተሉት ምላሾች፣ አሁን በጣም ረዝሟል፤ መሀሉ ላይም ጭቅጭቅ ገብቶበታል። አዲስ የሚመጣ ሰው ዋናውን ነገር ሳያገኝ እንዳይመለስ ብዬ ማን ምን እንዳለ በራሴ ቃል ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የጠየቅሁት ይህን ነው። ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዱን ሲያመው አንዴ ጨጓራ፣ አንዴ አሜባ፣ አንዴ ታይፎይድ እየተባለ ኦሜፕራዞል ሲውጥ ከረመ። አንድ ሌሊት እምብርቱ ዙሪያ የጀመረው ሕመም ወደ ቀኝ ጎኑ ወርዶ ቀና ብሎ መቆም ከለከለው። ድንገተኛ ክፍል ወሰድነው፤ ትርፍ አንጀት ነው ተባለ፤ ቀዶ ጥገና ገባ። ሐኪሙ ሲወጣ የኩላሊት ቅርጽ ባላት የብረት ሳህን ይዞ ያሳየን ግን ትርፍ አንጀቱን ብቻ አልነበረም። አጠገቡ ትንሿን ጣቴን የሚያክል ከረጢት ነበረች። በመቆንጠጫው ሲነካት ሌላው አካሏ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተኛ፤ ጫፏ ግን አልታዘዘም፣ ውስጧ ሽምብራ የተቀመጠ ይመስል ነበር። አብራው የተወለደች ነገር እንደሆነች፣ ያቆሰለችውም እሷ እንደነበረች፣ ትርፍ አንጀቱ ደህና እንደነበረ ተነገረን።

ከዚያ ፎርማሊን ያለበት የፕላስቲክ ዕቃ፣ ስሙ በእስክርቢቶ ተጽፎ በፕላስተር የተለጠፈበት፣ እጄ ላይ ተሰጠኝና ሥጋ በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ እንዳደርስ ታዘዝኩ። ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በየጉብታው በሁለት እጄ እየያዝኩት ወሰድኩት። ውጤቱ በቀጥታ ለሆስፒታሉ እንደሚላክ ተነገረኝ። ተልኮም ነበር፤ የደወለልን ሰው ግን የለም። ስፌቱ ተፈትቶ ወንድሜ ሥራ ከገባ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ለሌላ ጉዳይ ደረሰኝ ፍለጋ የሄድኩ ዕለት ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። የሜክል ዳይቨርቲኩለም፣ ጫፉ ላይ 11 ሚሊሜትር የሆነ ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ ይላል። የመጀመሪያው የከረጢቷ ስም ነው፤ ሁለተኛው የካንሰር ዓይነት ነው። ቀዶ ጥገናውን የሠራው ሐኪም በዚያ ጊዜ ከዚያ ለቅቋል።

ጥያቄዎቼ ሦስት ነበሩ። አብሮን የተወለደ ነገር እንዴት ካንሰር ይሆናል? ከወጣ በኋላስ ነገሩ አልቋል ወይስ አላለቀም? ሦስተኛው የእናቴ ነው፦ ልጄን በሆዴ ሳለ ምን አድርጌው ነው? ያኔ በገጠሩ ልማድ በየሁለት ወሩ ኮሶ ትጠጣ ነበርና ወረቀቱ ከተነበበላት ቀን ጀምሮ ያን ኮሶ እያነሳች እንቅልፍ አጣች።

1ኛው ምላሽ ምሕረት የሚመኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 2ኛው ትርፍ አንጀት ስሙ ራሱ ትርፍ ስለሆነ ወጥቶ ከተጣለ ወዲያ የሚያስጨንቅ ነገር እንደሌለ ነገረኝ። በቅንነት የጻፈው ነው፤ ስህተቱ ግን የብዙዎቻችን ስህተት ስለሆነ 3ኛውን ምላሽ ላስረዝመው።

3ኛው የጻፈው የሕክምና ተማሪ ነው፤ የመጨረሻ ዓመት ላይ ያለ። በአማርኛ ትርፍ አንጀት የምንለው አፔንዲክስ ሁላችንም ያለን፣ ከትልቁ አንጀት መጀመሪያ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ስለሆነ ትርፍ የሚለው ስም እንደማይገባው፣ ስሙ ይገባት የነበረችው የሜክል ከረጢት እንደሆነች አስረዳ። ሽሉ ገና ፍሬ ያህል ሳለ፣ እንግዴ ልጁ ሥራውን ሳይረከብ፣ አንጀቱን ከአስኳል ከረጢቱ ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ቱቦ አለ። ይህ ቱቦ ከ5ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ተዘግቶ መጥፋት አለበት። በአንጀት በኩል ያለው ጫፍ ሳይጠፋ ሲቀር ከረጢት ሆኖ አብሮን ይኖራል። ተማሪዎች በ2 ቁጥር ነው የሚያጠኑት፦ ከ100 ሰው 2ቱ አላቸው፤ ቀጭኑ አንጀት ከትልቁ ከሚገናኝበት 2 ጫማ፣ ማለትም 60 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ላይ ነው፤ ርዝመቷ 2 ኢንች፣ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ችግር ስታመጣ ብዙ ጊዜ ከ2 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው፤ በወንዶች ላይ 2 እጥፍ ትጠናለች፤ ውስጧም ቦታቸውን የሳቱ 2 ዓይነት ሥጋዎች፣ የጨጓራና የቆሽት፣ ሊገኙ ይችላሉ። አብዛኛው ባለቤቷ ግን እንዳለችው ሳያውቅ አርጅቶ ይሞታል።

4ኛው ስለ ስሙ ነበር። ዮሐን ፍሪድሪሽ ሜክል በጀርመን ሀለ ከተማ ያስተምር የነበረ የአካል ሊቅ ሲሆን በ1809 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከረጢቷ ከዚያ የሽል ቱቦ እንደምትመጣ ያሳየው እሱ ነው። ከእሱ ሁለት መቶ ዓመት በፊት፣ በ1598፣ ፋብሪሲየስ ሂልዳኑስ የሚባል ቀዶ ሐኪም ጽፎባት ነበር። ምላሹ አጭር ነው፤ ስሙ ባስደነገጠኝ ሰዓት ግን የሰው ስም ብቻ መሆኑን ማወቄ እንኳ ረድቶኛል።

5ኛው ሰው ሁሉ የሸሸውን ጥያቄዬን መልሶ አነሳ፤ ለመሆኑ ካንሰሩ ከየት መጣ? 6ኛው መለሰለት። በክፍለ ሀገር ሆስፒታል የሚሠራ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነው፤ ክሩን ከሸከሙት ሰዎች አንዱ። ከረጢቷ የአንጀት ግድግዳ ድርብ ሁሉ እንዳላት፣ ስለዚህ አንጀት ላይ የሚበቅል ማንኛውም ዕጢ እሷም ላይ ሊበቅል እንደሚችል ጻፈ። ከሁሉ የሚበዛው የወንድሜ ዓይነት ኒውሮኢንዶክራይን ነው፤ ሆርሞን ከሚያመነጩ የአንጀት ሴሎች የሚነሳ፣ ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ የሚሄድ። ቀድሞ ካርሲኖይድ ይባል ነበር። ስሙን በ1907 ያወጣለት የሙኒኩ ሐኪም ሲግፍሪድ ኦበርንዶርፈር ነው፤ ካንሰር መሰል ግን የማይጎዳ አድርጎ አይቶት ነበር፣ በ1929 ግን ሊዛመት እንደሚችል ራሱ አረመ። ይህን ያመጣው ለታሪክ አይደለም፤ ቀስ ብሎ የሚሄድን ነገር የማይሄድ አድርጎ ማየት ጥንትም እንደነበረ ሊያሳየኝ ነው። በአሜሪካ የካንሰር መዝገብ ከ1973 እስከ 2006 ድረስ በዚች ከረጢት የተመዘገበው 163 ሰው ብቻ እንደሆነ፣ በዓመት ከ10 ሚሊዮን ሰው 1.44 ያህል እንደሚደርስም ጨመረ።

7ኛው ሂሳብ ሠራ። ኢትዮጵያን 120 ሚሊዮን ብለን ብንይዝ ከረጢቷ ያላቸው 2.4 ሚሊዮን ሰዎች ይሆናሉ፤ የአሜሪካው ልክ እኛም ጋ ቢሠራ በዓመት ካንሰር የሚገኝባቸው 17 ሰዎች ገደማ ናቸው። ስለዚህ ክሩን አንብቦ ሆዱን የሚዳብስ ሰው ሁሉ እንዲረጋጋ መከረ። ምክሩ ትክክል ነው። እኔ ግን ያን ሌሊት 17 የሚለውን ቁጥር እያየሁ፣ ከእነዚያ ስንቱ ሥጋቸው ማይክሮስኮፕ ሥር ይደርሳል ስል አደርኩ።

8ኛው ከእሱ ተቃራኒ ነበር። በዚያው ጥናት የከረጢቷ የካንሰር አደጋ በቀጭኑ አንጀት መጨረሻ ካለ ከሌላ ከማንኛውም ቦታ ቢያንስ 70 እጥፍ እንደሚበልጥ አንብቦ፣ ያለው ሰው ሁሉ ተፈልጎ ይቆረጥ ባይ ነው። 10ኛው ላይ ሐኪሙ ተመልሶ፣ 70 እጥፍ የተባለው በጣም ትንሽ ቁጥር ስለሆነ ሲባዛም ትንሽ እንደሆነ አስረዳ። ለሌላ ጉዳይ ሆድ ተከፍቶ በአጋጣሚ የተገኘችን ከረጢት በተመለከተ በ2008 የወጣ ጥናት አንድ ሞት ለማስቀረት 758 ሰው መቆረጥ እንዳለበት ማስላቱን ጠቀሰ። የአሜሪካው ሆስፒታል ማዮ ክሊኒክ በ2005 ያወጣው ደግሞ መሀሉን ይይዛል፦ ዕድሜው ከ50 በታች የሆነ፣ ወንድ የሆነ፣ ከረጢቷ ከ2 ሴንቲሜትር የረዘመችበት፣ ወይም ውስጧ ባዕድ ሥጋ ያለባት የሚመስልበት ሰው ቢቆረጥለት ይሻላል ይላል። ሲዳሰስ ጫፉ የጠጠረ ከሆነማ ክርክር የለውም።

ከ11 እስከ 14 ያለው ያማል። የ8ኛው ጸሐፊ የወንድሙን ልጅ በዘገየ ምርመራ ያጣ ሰው መሆኑን 11ኛው ላይ ተናገረ፤ ሐኪሙ ሐዘኑን ገልጾ ቁጥሩን ደገመለት፤ ቁጥር መድገሙ አስቆጣው፤ 13ኛው ላይ ከእርስዎ ወደ አንተ ወርዶ ሐኪም ሁሉ ገንዘብ ቆጣሪ እንደሆነ ጻፈ። 14ኛው ላይ ሐኪሙ አሁንም በእርስዎ መለሰለት። ሁለቱንም አልፈርድባቸውም። ሰው ሲያዝን ስሌት አይገባውም፤ ስሌቱ ግን ትክክል ነው።

9ኛውን የዘለልኩት ረስቼ አይደለም፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

15ኛው በጣም ያጽናናኝ፣ ግን ሊጎዳን የነበረ ምላሽ ነው። አንዲት እህት ከስምንት ዓመት በፊት ትርፍ አንጀቷ ሲወጣ እንዲሁ ካርሲኖይድ ተገኝቶባት፣ ከ1 ሴንቲሜትር በታች ስለነበረ ምንም ሳያስፈልጋት ደህና መሆኗን፣ እኛም እንድንተኛ ጻፈች። ሳለቅስ ሳመሰግን አደርኩ። ጠዋት 16ኛው ምላሽ ከሜሪላንድ መጣ፤ የካንሰር ሐኪም ነው። የእህታችን ታሪክ እውነት እንደሆነ፣ በአፔንዲክስ ላይ ያለ እንዲህ ያለ ትንሽ ዕጢ አፔንዲክሱ ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ እንደሚበቃው፣ የሜክል ከረጢት ግን አፔንዲክስ እንዳልሆነች አሳሰበ። እዚያ የሚበቅለው ዕጢ የቀጭኑ አንጀት ዕጢ ጠባይ አለው፤ ከ1 ሴንቲሜትር ሳያልፍ እንኳ ወደ ሊምፍ ኖድ፣ ማለትም ወደ ንፍፊት፣ ሊሻገር ይችላል። ስለዚህ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ የተቆረጠው ከረጢቷ ብቻ ናት ወይስ አንጀቱም ከነሞራው፣ ሊምፍ ኖዶቹ ካሉበት ጋር? ስልክ ያነሳሁት ያን ጊዜ ነው። የቀዶ ጥገናው ማስታወሻ ግልባጭ እስኪሰጠኝ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ከሥሯ ብቻ ነው የተቆረጠችው።

17ኛውና 18ኛው ስለ ምርመራው ናቸው፤ እኛን በቀጥታ የጠቀመ ነገር አለባቸው። ዕጢው የሚያመነጨውን ነገር በ24 ሰዓት ሽንት መለካት ይቻላል፤ ነገር ግን ከምርመራው ሁለት ሦስት ቀን በፊት ጀምሮ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ አናናስና ለውዝ ነክ ነገር መተው ያስፈልጋል፤ ውጤቱን ያለ በሽታ ከፍ ያደርጉታል። ወንድሜ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ አቅም እንዲሆነው በየቀኑ የአቮካዶ ጁስ ነበር የሚጠጣው። ክሮሞግራኒን ኤ የሚባለውን የደም ምርመራ ደግሞ ኦሜፕራዞል ያሳስተዋል። ሁለት ዓመት ኦሜፕራዞል የዋጠ ሰው ይዘን ያን ምርመራ ብናሠራ ኖሮ ቁጥሩን አይተን ጉበቱ ላይ ደርሷል ብለን እንሞት ነበር። መድኃኒቱን መቼ ማቆም እንዳለበት ሐኪሙን ጠይቄ ነው ያሠራነው።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወጣ። 19ኛው ስለ አቮካዶ ዋጋ ሆነ። 20ኛው የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ በዚሁ በሽታ እንደሞተ ጻፈ፤ 21ኛው የእሱ ኒውሮኢንዶክራይን ይሁን እንጂ የተነሳው ከቆሽት እንደነበረ፣ በ2003 ተገኝቶ በ2011 እንደሞተ፣ ከትውልድ ከረጢት ጋር እንደማይገናኝ አረመው። 22ኛው ጸበል እንድንወስደው መከረን። 23ኛው ይህን ምክር የሰጠችውን እናት በመጥፎ ቃል ተናገራት። ጽሑፉ እንዲነሳ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ መድኃኒት ተዉ አላለችም፤ እናቴም በየጠዋቱ ጸበሉን ታጠጣዋለች፣ እኔም ቀጠሮውን አላሳልፍም። 24ኛው፣ ዲያቆን ነው፣ ይህንኑ ከእኔ በተሻለ ለዛ አስታረቀው።

25ኛው ላይ ክሩ እንደገና ነፍስ ዘራ። ሪያድ የምትሠራ እህት፣ ደሴ ያለው የእህቷ ልጅ ገና 2 ዓመት ሳይሞላው ሦስት ጊዜ ደም እንደተቀመጠ፣ ሦስቱንም ጊዜ አሜባ ተብሎ ሽሮፕ እንደተሰጠው፣ ልጁ ግን እንደማያለቅስ፣ ብቻ እየነጣ እንደሄደ ጻፈች። ከሩቅ ሆና ገንዘብ መላክ እንጂ ማየት እንደማትችል ስትጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ። 26ኛው የሕፃናት ነርስ ናት። አሜባ ሲሆን ብዙ ጊዜ ቁርጠት፣ ማማጥና ንፍጥ እንዳለበት፣ ሳያመው ብዙ ደም የሚቀመጥ ሕፃን ግን የሜክል ከረጢት ሊሆን እንደሚችል አስረዳች። ከረጢቷ ውስጥ ያለው የጨጓራ ሥጋ አሲድ ያመነጫል፣ አሲዱም መከላከያ የሌለውን አጎራባች አንጀት ያቆስላል። ቴክኒሺየም የሚባለው ስካን ያን የጨጓራ ሥጋ ፈልጎ ያበራዋል፤ በሌለበት ደግሞ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ይወስናል። የደሙ መጠን ዛሬውኑ እንዲለካ ብቻ አጥብቃ አዘዘች። 27ኛው ከሪያድ ነበር፤ ሄሞግሎቢኑ 6 ሆኖ ስለተገኘ ልጁ ደም ተሰጥቶት ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተልኳል።

28ኛው እምብርቱ ውኃ የሚያወጣ ጨቅላ እንዳለው ጠየቀ፤ 9ኛዋ ጸሐፊ ተመልሳ ሽንት የሚያወጣው ሌላ ቱቦ፣ ወደ ፊኛ የሚሄደው፣ እንደሆነ፣ ዓይነ ምድር የሚያወጣው ግን የእኛው ቱቦ ሳይዘጋ የቀረ እንደሆነ፣ ሁለቱም ሐኪም እንደሚሹ ነገረችው። እምብርት ላይ ቅቤ መቀባት እንዲቀርም ተማጸነች።

29ኛው አባቱ አምና አንጀቱ ታጥፎ ሲከፈት አንድ ቁራጭ ወጥቶለት እንደነበረ፣ ቁራጩ የት እንደሄደ ግን ቤተሰቡ ጠይቆ እንደማያውቅ ጻፈ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ለዚህ ሰው ስል ነው ብል አልዋሸሁም። 30ኛው ላይ የመለሰችለት ፓቶሎጂስት ናት፤ ሥራዋን እንደማየት ያህል ጽፋዋለች። የሚመጣላት ሥጋ አንዳንዱ በውኃ፣ አንዳንዱ በግሉኮስ፣ አንዳንዱ አፈ ጠባብ በሆነ የመድኃኒት ጠርሙስ ታጭቆ ነው። ፎርማሊኑ ከሥጋው ቢያንስ 10 እጥፍ መሆን አለበት፤ ካነሰ መሀሉ ሳይደርሰው ይበሰብሳል፣ የበሰበሰን ደግሞ ማንም አያነበውም። ማዘዣው ላይ ዕድሜው፣ ከየት እንደተቆረጠና ሐኪሙ ምን እንደጠረጠረ ካልተጻፈ የምትፈልገውን ሳታውቅ ትፈልጋለች። ለሰውዬው ደግሞ የላቦራቶሪ መዝገብ በስምና በቀን እንደሚፈለግ፣ ብሎኩ፣ ማለትም በሰም ውስጥ የተቀመጠው ሥጋ፣ ለዓመታት እንደሚቆይና እንደገና ሊታይ እንደሚችል ነገረችው። እስካሁን ሄዶ ያገኘውን አልጻፈም። ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ ጻፍልን።

31ኛው የእኔ ነው። ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ተሠርቷል። ከረጢቷ የነበረችበት የአንጀት ቁራጭ ከነሞራው ወጣ፤ 12 ሊምፍ ኖድ ተቆጥሮ አንዱ ላይ ዕጢው ተገኝቷል። ሲቲው ጉበቱን ንጹሕ አድርጎ አሳይቷል። በየስድስት ወሩ ይታያል። ይህን ጊዜ ዕቃውን ስረከብ ፎርማሊኑ ሥጋውን በደንብ መሸፈኑን አይቼ፣ የላቦራቶሪውን ስልክና የውጤቱን ቀን ጽፌ ነው የወጣሁት። በቀኑም ራሴ ሄጄ ተቀበልኩ።

9ኛው ምላሽ የአዋላጅ ነርስ ነበር፤ ለእኔ ሳይሆን ለእናቴ የተጻፈ፣ እማማ ብላ የጀመረችው። ኮሶ በእርግዝና እንደማይመከር አልደበቀችም። ቱቦው ሳይዘጋ መቅረቱ ግን እናት ከበላችው ወይም ከጠጣችው ነገር እንዳልሆነ፣ በሀብታምም በድሃም፣ በሐኪም ሚስትም በገበሬ ሚስትም ከመቶ ሁለቱ ልጅ ላይ እንደሚደርስ፣ ይህም የሚሆነው ሴቲቱ የወር አበባዋ ዘገየ ስትል ባለችበት ሰዓት እንደሆነ አስረዳቻት። ለእናቴ ከአልጋዋ ጠርዝ ተቀምጬ አነበብኩላት። ስንተኛው ሳምንት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ከ5ኛው እስከ 8ኛው አልኳት። በጣቷ ቆጠረች። ያ ሰሞን የመስቀል ሰሞን ነበር፤ አገር ቤት ሄዳ ስትጨፍር ነበር የከረመችው፤ ማርገዟን ያወቀችው ከተመለሰች በኋላ ነው። ዝም ብላ ቆየችና እንደገና እንዳነብላት ጠየቀችኝ።